ያውቁ ኖሯል? ከጨፌ ተነሥቶ ቄራ የሚደርሰው የጉበት ትል

የሥጋ መርማሪ የከብት ጉበት ሲሰነጥቅ አንዳንዴ ከዓይኑ ቀድሞ ጆሮው ይነግረዋል። ቢላዋው አሸዋ ላይ እንደተጎተተ ሁሉ ይንኮሻኮሻል። ድምፁ የሚመጣው ከሐሞት ቱቦዎቹ ነው። የጉበት ትል የከረመበት ቱቦ ግድግዳው ይወፍርና ካልሲየም እየተለሰነበት እንደ ሸክላ ይጠጥራል። የበግ ጉበት ግን እንዲህ ያለ ድምፅ የለውም፤ የበግ ቱቦም ይወፍራል እንጂ እንደ ከብቱ አይደነድንም። የዛሬው «ያውቁ ኖሯል?» ከዚህች ድምፅ ተነሥቶ ወደ ኋላ፣ ወደ ጨፌው ይመለሳል።

ያ የጠጠረ ቱቦ ሲጨመቅ የሚወጣው ነገር ትል አይመስልም። እንደ ወስፋት ድቡልቡል አይደለም፤ ጠፍጣፋ፣ ቡናማ፣ የወይራ ቅጠል የሚመስል ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ፋሲዮላ ሲሆን በላቲን «ትንሽ ፋሻ» ማለት ነው። እኛ ቁስል የምናስርበት ፋሻም ከጣልያንኛ የመጣ የዚያው ቃል ዘመድ ስለሆነ፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ የላቲን ስም ያለ አስተርጓሚ ገባን።

በአገራችን ሁለት ዓይነት የጉበት ትል እንዳለ ያውቁ ኖሯል? አጭሩ ፋሲዮላ ሄፓቲካ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ደጋና ወይና ደጋ ይስማማዋል። ረጅሙ ፋሲዮላ ጂጋንቲካ እስከ 7.5 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ እሱ የሞቃት አገር ትል ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ1200 እስከ 1800 ሜትር ባለው ከፍታ ግን የሁለቱ አገር ይደራረባል፤ አንድ ጉበት ውስጥ ጎረቤት ሆነው ይገኛሉ።

ረጅሙ ትል ለሳይንስ የተዋወቀው ከከብት አልነበረም። እንግሊዛዊው ቶማስ ስፔንሰር ኮቦልድ እ.ኤ.አ. በ1855 የገለጸው ከሞተ ቀጭኔ ጉበት አውጥቶ ነው።

ጉማሬም የራሱ አለው፤ ፋሲዮላ ኒያንዛ ይባላል። የእስያ ዝሆንም እንዲሁ።

ትሉ ከየት እንደሚመጣ ግን ለዘመናት አልታወቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1379 ዣን ደ ብሪ የተባለ ፈረንሳዊ እረኛ ለንጉሥ ቻርልስ 5ኛ የበግ አረባብ መጽሐፍ አዘጋጅቶ ነበር። በዚያ ላይ የበጎችን ጉበት ስለሚያበሰብሰው በሽታ ጽፏል፤ ጥፋቱን የጣለው ግን ረግረግ ላይ በሚበቅል አንድ ዕፅ ላይ ነው። እረኛው ትሉን በጉበት አየ፣ ሣሩን በጨፌው አየ፣ መካከል ያለውን ግን የሚያይበት መሣሪያ አልነበረውም። እውነቱን ለመናገር ከብዙ ሊቃውንት ይልቅ ለመልሱ የቀረበው እሱ ነበር።

መካከሉን ለማግኘት ሌላ 500 ዓመት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1879 እና በ1880 የብርድ ወራት በእንግሊዝ አገር ሦስት ሚሊዮን ገደማ በጎች በጉበት ትል አለቁ። ድንጋጤው የአገሪቱን የግብርና ማኅበር ኪሱን አስከፈተው፤ በኦክስፎርድ የነበረው ወጣት ተመራማሪ አልጀርነን ቶማስ ሥራው ተሰጠው። በጀርመን ደግሞ ሩዶልፍ ሎይካርት በተመሳሳይ ጥያቄ ላይ ነበር። ሁለቱም ለየብቻቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1881 እስከ 1883 ባለው ጊዜ፣ አንድ መልስ ላይ ደረሱ። የጎደለው ቀንድ አውጣ ነበር።

እንግዲህ ወደ ሒሳቡ እንግባ። አንድ ጎልማሳ ትል በቀን እስከ 25,000 እንቁላል ይጥላል። ትሉ ወንድም ሴትም ነው፤ ቱቦው ውስጥ ብቻውን ቢቀር እንኳ ዘሩ አይቋረጥም።

እንቁላሉ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት፣ ከእበት ጋር ወደ ሜዳ ይወጣል። እበቱ ፀሐይ በሚመታው ደረቅ ሜዳ ላይ ከወደቀ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ውሃ ከነካው ግን፣ ሙቀቱ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን፣ ከ9 እስከ 12 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ እድገቱ ይቆማል፤ ሙቀት እስኪመጣ ይጠብቃል።

የተፈለፈለው እጭ አይበላም። በተሰጠው ስንቅ ብቻ እየዋኘ ቀንድ አውጣ ይፈልጋል፤ በጥቂት ሰዓታት ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ሥጋውን በስቶ ይገባና ከ6 እስከ 7 ሳምንት እዚያው እየተባዛ ይቆያል። አንድ ሆኖ የገባው ከ600 በላይ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ሲወጣ ጅራት አለው። ሣር ጋ ሲደርስ ጅራቱን ጥሎ ይለጠፍና ጠንካራ ሽፋን ይሠራል። መጠኑ ሩብ ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ጤፍ አጠገቡ ብትቀመጥ ተራራ ናት። እረኛውም አያየው፣ ላሚቱም አታየው። እርጥበት ካለ ለወራት በሕይወት ይቆያል።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ለማመን ያስቸግራል። ላሟ ከሣሩ ጋር ስትውጠው ሽፋኑ አንጀቷ ውስጥ ይቀልጣል። ትንሹ ትል የአንጀቷን ግድግዳ በስቶ ወደ ሆድ ዕቃ ይወጣና በእግሩ አይሉት በሆዱ እየተሳበ ጉበቷን ፈልጎ ያገኛል። የጉበቷን ሽፋን ቀዶ ይገባና ሥጋውን እየበላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይዞራል። ሐሞት ቱቦ ውስጥ የሚያርፈው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንዱ መንገድ ይስትና ሳንባ ውስጥ ይገኛል፤ የቄራ መርማሪዎች እዚያም ያገኙታል።

አሁን ስለ ቀንድ አውጣዋ። በደጋው ትሉን የምታሳድገው ጋልባ ትራንካቱላ ናት፤ ቁመቷ ከ1 ሳንቲ ሜትር አያልፍም። ሐይቅ መሀል ወይም የሚጋልብ ወንዝ ውስጥ አይፈልጓት። የምትወደው ውሃና ጭቃ የሚተቃቀፉበትን ዳር ነው፤ የምንጭ ግርጌ፣ የሚያፈስ ቦይ አጠገብ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የከብት ኮቴ ያጎደጎደው ጭቃ ላይ የቆመች ትንሽ ውሃ። የቀንድ አውጣዋን ቤት የምትሠራው ራሷ ላሚቱ ናት ማለት ነው።

የቆላዋ እህቷ ራዲክስ ናታለንሲስ ግን ቋሚ ውሃ ትሻለች። ኩሬ፣ ግድብ፣ የመስኖ ቦይ፣ የሐይቅ ዳር ሁሉ ይመቻታል። ለዚህ ነው መስኖ የገባበት ቆላ፣ ዝናብ ባያገኝም፣ የጉበት ትል ሊያገኝ የሚችለው። ግድብ አይሠራ የሚል የለም። ቦይ ሲቀየስ ግን ከብት የት እንደሚጠጣ አብሮ የሚታሰብበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ጭቃው በበጋ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ የደጋዋ ቀንድ አውጣ አለቀች ብለው ይሆናል። አላለቀችም። ጭቃ ውስጥ ተቀብራ ዝናብ ትጠብቃለች። ከብዙዎቹ አንዲት ብትተርፍ እሷም ያለ ባል ትወልዳለች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ዘሯ እስከ 100,000 ሊደርስ ይችላል።

ሦስት ቄራዎችን እንመልከት። በጎንደር የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ጥናት ከታረዱት 10 ከብቶች በ9ኙ ገደማ የጉበት ትል አግኝቷል። በጅማ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው፣ ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት በቀራቸው ላይ። በመቀሌ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ በሩብ ያህሉ። በሽታው አንድ፣ አገሩ አንድ፣ ቁጥሩ ግን ይህን ያህል የተራራቀ ነው።

ልዩነቱ ከከብቱ ዝርያ ይልቅ ከውሃው ይመነጫል። ጎንደር የጣና ጎረቤት ነው፤ ዙሪያው ክረምት የሚጥለቀለቅ፣ በጋም ረግረግ የማያጣ ሜዳ አለው። መቀሌ ዙሪያ ድንጋያማና ደረቅ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «የኢትዮጵያ ከብት የጉበት ትል ስርጭት ይህን ያህል በመቶ ነው» ብሎ አንድ ቁጥር ሲነግርዎ፣ «የትኛው ሜዳ ላይ?» ብለው ይጠይቁት።

የዚያው የጣና ዳር ልጅ የሆነችው የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች፣ ውሃ ገብ ሜዳ ላይ መኖርን የለመደች ዝርያ ናት። ጭቃውን ለመደችው እንጂ ትሉ አልማራትም።

አሁን የነገሩ አንጓ ላይ ደረስን። አብዛኛው ሰው የጉበት ትልን የክረምት በሽታ አድርጎ ያስባል። ክረምቱ ቀንድ አውጣውንና እጩን ያበዛል፤ ልክ ነው። ግን ከብቱ ብዙውን ትል የሚውጠው መቼ ነው? ዝናቡ አቁሞ፣ ኮረብታው ቢጫ ሆኖ፣ አረንጓዴ ሣር የቀረው ጨፌው ላይ ብቻ ሲሆን ነው። ከመስከረም ወዲህ እረኛው መንጋውን ወደ ውሃው ዳር ይነዳል፤ ሌላ የት ይንዳ? ሣሩ ለምለም ነው፣ ከብቱ ይጠግባል፣ ባለቤቱም ይደሰታል። ትሉ ጎልምሶ እንቁላል ለመጣል ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል፤ ረጅሙ ዓይነት ደግሞ ከዚያም በላይ። እናም በኅዳር የተዋጠው ጉዳቱ በጥርና በየካቲት ይታያል፤ መኖ በጠፋበት ወር። ያኔ ባለቤቱ «የበጋ ክሳት ነው» ብሎ ያልፈዋል።

በሬውም እንደዚያው ተዳክሞ የበልጉንና የክረምቱን ቀንበር ይሸከማል። የእርሻ ቀን መቁጠሪያችንና የትሉ ቀን መቁጠሪያ እንዲህ ክፉኛ የተገጣጠሙ ናቸው።

የጥናት ወረቀቶች «አጋላጭ ምክንያቶች» ብለው ከሚዘረዝሯቸው አንዱ የከብቱ ክሳት ነው፤ የከሱ ከብቶች ላይ ትሉ በብዛት ይገኛል። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ። ከስቶ ነው ትል የያዘው ወይስ ትል ይዞት ነው የከሳው? አንድ ቀን ብቻ ታይቶ የተመዘገበ ከብት መልሱን አይነግርም። እኔ ብጠየቅ አብዛኛውን ለሁለተኛው እሰጣለሁ።

ዕድሜስ? ከብት አንድ ጊዜ በትሉ ከተያዘ በኋላ በከፊል ይቋቋመዋል፤ የጠጠረው ቱቦም ለአዲስ ገቢ አይመችም። በከብት ጉበት ውስጥ ያለ ትል ዕድሜው ብዙ ጊዜ ከዓመት ብዙም አይዘልም። በግ ግን መከላከል አይማርም። በበግ ጉበት ውስጥ እስከ 11 ዓመት የኖረ ትል ተመዝግቧል። ላሞችዎን መድኃኒት አጠጥተው በጎችዎን ከተዉ፣ ጨፌው ለከርሞ እንቁላል አያጣም።

አህያም ትሉን ይሸከማል። ማን አስታውሶ ያክመዋል?

በጉንና ከብቱን የሚያጠቃበት መንገድም ይለያያል። በግ ብዙ እጭ በአንድ ጊዜ ከዋጠ፣ ትሎቹ ገና ጉበቱን እያረሱ ሳለ በደም መፍሰስ ድንገት ይሞታል። እበቱ ቢመረመር እንቁላል የለበትም፤ ትሎቹ ገና አልጎለመሱምና። ከብት ግን ቀስ እያለ ነው የሚያልቀው።

አንድ ትል በቀን እስከ ግማሽ ሚሊ ሊትር ደም ሊያስወጣ ይችላል። መቶ ትል የያዘ በሬ በወር እስከ አንድ ሊትር ተኩል ደም ያጣል ማለት ነው።

ከብቱ መንጋጋው ሥር ከረጢት ያንጠለጠለ መስሎ የሚያብጠው ለምን እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ከደሙ ጋር ፕሮቲኑም ይፈስሳል። ፕሮቲን ያነሰው ደም ውሃውን መያዝ ስለማይችል ውሃው ወደ ሥጋ ይሰርጋል፤ ከብት ደግሞ ቀኑን ሙሉ አቀርቅሮ ስለሚግጥ ወደ መንጋጋው ሥር ይወርዳል። ስለዚህ እብጠቱ ጠዋት ከበረት ሲወጣ ያነሰ፣ ማታ ከግጦሽ ሲመለስ የጎላ ይሆናል። ቀይ መሆን የነበረበት የዓይን ሽፋን ውስጡ ነጭ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ሌሎች ደም መጣጭ ትሎችም ይህንኑ ምልክት ያመጣሉ፤ ምርመራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አልቅትና የጉበት ትል ይምታታሉ። አልቅት ከብቱ ውሃ ሲጠጣ አፉ ወይም አፍንጫው ውስጥ የሚጣበቅ ሌላ ፍጡር ነው፤ ጉበት ጋ አይደርስም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የሚገኙበት ውሃ ነው።

ለመሆኑ ኪሳራው ስንት ነው? እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ አንድ ጥናት በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የጉበት ትል በበጎች ብቻ በዓመት 48.4 ሚሊዮን ብር እንደሚያሳጣ ገምቶ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ብር። ትኩረቴን የሳበው ግን ክፍፍሉ ነው። 46.5 በመቶው ሞት፣ 48.8 በመቶው ክሳትና የመራባት ችግር፣ ቄራ ላይ የተጣለ ጉበት ደግሞ 4.7 በመቶ ብቻ። እኛ የምናየው፣ ሥጋ ቤቱም የሚያማርርበት፣ ከመቶ አምስት የማይሞላውን ነው። በከብቱም በኩል የማናየው ኪሳራ ሳይታለብ የቀረ ወተት፣ ሳይታረስ የቀረ ማሳ፣ ኮርማ ሳትፈልግ ዓመት የጨመረች ጊደር ሆኖ በየቤቱ ተበትኗል። ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ ከብት ላላት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ትሉ ሌላ በሽታንም ይሸፍናል። በእንግሊዝና በዌልስ የወተት ከብቶች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ የጉበት ትል ያለባቸው ላሞች በቆዳ ላይ ለሚደረገው የከብት ሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ደካማ ምላሽ እንደሚሰጡ አሳይቷል። አጥኚዎቹ ነቀርሳ ከያዛቸው ከብቶች እስከ ሲሶ የሚደርሱት ሳይታወቁ ሊያልፉ ይችላሉ ብለው ገምተዋል። የከብት ነቀርሳ ባለበት አገር፣ ወተት ሳይፈላ በሚጠጣበት ቤት፣ ይህ ጥናት እንግሊዝ ብቻ የሚቀር አይደለም።

ትሉ ጉበቱን ሲያርስ የሞተ ሥጋ ትቶ ያልፋል። እዚያ ላይ ክሎስትሪዲየም ኖቪ የተባለ ተህዋሲ ከተነሣ፣ በተለይ በግ ላይ፣ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ሲገፈፍ የቆዳው ውስጥ ስለሚጠቁር በሽታው «ጥቁር በሽታ» ተብሏል። እኛ አባ ጎርባ ከምንለው ጋር እንዳያምታቱት።

አንዳንድ መጽሔት የጉበት ትል ጉንዳንን አሳብዶ ሣር ጫፍ ላይ ያሰቅላል ይላል። እውነት ነው፤ ግን ያ ሌላ፣ ትንሽ የጉበት ትል ነው፤ ዳይክሮሲሊየም ይባላል፤ ውሃም አያስፈልገው። የኛው ፋሲዮላ ከጉንዳን ጋር ጉዳይ የለውም።

ኩበት የሚጠፈጥፉ እናቶች ሳያውቁት የጉበት ትል እንቁላል ሲፈጁ እንደኖሩ ያውቁ ኖሯል? እንቁላሉ ድርቀት አይችልም። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የደረቀ እበት ውስጥ የሚተርፍ የለም። በደንብ የተብላላ ፍግም በሙቀቱ ይገድለዋል። አደገኛው ምንጭ አጠገብ ያለ በረት ነው፤ እበቱ በዝናብ ታጥቦ በቀጥታ ውሃው ውስጥ የሚገባበት።

ድርቆሽም እንደ አደራረቁ ነው። ከጨፌ ታጭዶ ፀሐይ ላይ በደንብ የደረቀ ሣር ላይ እጩ እየሞተ ይሄዳል። ዕለቱን ታጭዶ እርጥቡን ለታሰረች ላም የሚቀርብ ሣር ግን ጨፌውን ቤቷ ድረስ ማምጣት ነው። «ላሜ ከግቢ ወጥታ አታውቅም» የሚል የከተማ ወተት አምራች ሣሩ ከየት እንደታጨደ ቢጠይቅ ይበጀዋል።

ቀንድ አውጣዋን ራሷን መግደልስ? ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ያኔ የሚያሳድዱት የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ ነበር፤ ቢልሃርዝያም ጠፍጣፋ ትል፣ የፋሲዮላ የሩቅ ዘመድ ነው። ለዚህ ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እንዶድ የጉበት ትሏንም ቀንድ አውጣ ይገድላል። ዓሣም ይገድላል፤ ስለዚህ «ሰማሁ» ብለው ምንጭ ውስጥ አይበትኑት።

እስካሁን የከብት ነገር መስሎዎት ከነበረ ወደ ራሳችን እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 2.4 ሚሊዮን ሰዎች የጉበት ትል እንዳለባቸው ይገምታል፤ ከ70 በላይ አገሮች ውስጥ። ከሁሉ የከፋው የቦሊቪያ ከፍተኛ ሜዳ ነው፤ ከባሕር ወለል 4000 ሜትር ገደማ ላይ። ትሉም ቀንድ አውጣዋም እዚያ የደረሱት ከአውሮፓ ነው።

«ዱለት ያስይዘኛል?» ጥያቄው ይገባል፤ እኔም የዱለት ወዳጅ ነኝና መልሱን በጥንቃቄ ነው ያነበብኩት። የጎለመሰ ትል ያለበትን ጉበት መብላት የጉበት ትል አያስይዝም። ትሉ ሰውን የሚይዘው እንደ ላሚቱ ነው፤ እጩ የተለጠፈበትን ጥሬ ቅጠል በመብላት ወይም እጩ ያለበትን ውሃ በመጠጣት። ጥሬ ጉበት ሌላ ጣጣ የለውም አላልኩም።

ዱለት ግን ላቦራቶሪን ያታልላል። ትላንት የተበላ ጉበት ውስጥ የነበረ እንቁላል ዛሬ በሰገራ ምርመራ ላይ ይታያል፤ ሰውየው ጤነኛ ሆኖ ሳለ። ጠንቃቃ ሐኪም ለጥቂት ቀናት ጉበት እንዳይበላ ከልክሎ እንደገና ያስመረምራል።

ረግረግ ላይ የበቀለ ወይም በቦይ ውሃ የለማ ሰላጣ በውሃ መታጠቡ እጩን በሙሉ አያስለቅቅም። የሚያስተማምነው ማብሰል ነው።

በአውሮፓ ከውጭ የገባ ጫት በመቃም የጉበት ትል የያዛቸው ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። ጫት ጥሬ ቅጠል መሆኑን ማን ያስታውሳል።

ቢልሃርዝያን የሚያድነው ፕራዚኳንቴል የጉበት ትልን አይነካውም። ለሰውም ለከብትም ዋናው መድኃኒት ትራይክላቤንዳዞል ነው። ለእንስሳት ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲሆን፣ መድኃኒቱን የተላመደ ትል በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1995 ተገኘ።

ገበያ ላይ ብዙ የሚሳሳቱበትን እነሆ። አይቨርሜክቲን ብቻውን የጉበት ትልን አይገድልም፤ መርፌው ውድ ስለሆነ ሁሉን ያድናል ማለት አይደለም። አልቤንዳዞል ይገድላል፤ ግን የጎለመሰውን ብቻ፣ ያውም ለሌላ ትል ከሚሰጠው በላቀ መጠን፤ ለከብት በኪሎ 10 ሚሊ ግራም። ከብቱን በዓይን ገምቶ ግማሽ ክኒን መስጠት ትሉን ማስለመድ ነው። አልቤንዳዞል ለአዲስ እርጉዝ ላም አይሰጥም። ኦክሲክሎዛናይድም የሚገድለው ጎልማሳውን ነው። ትራይክላቤንዳዞል ብቻ ገና ሁለት ሳምንት ገደማ የሆነውን ሳይቀር ይደርስበታል፤ ወተቷ የሚጠጣ ላም ላይ ግን ስንት ቀን መታለብ እንደሌለባት፣ ወይም ጭራሹኑ እንደማይፈቀድ፣ ማሸጊያው ላይ ይነበብ።

ክትባት የለውም። እስካሁን ለገበያ የቀረበ አንድም የለም።

የመድኃኒቱ ጊዜ ከመድኃኒቱ ዓይነት አያንስም። በበጋው መካከል፣ በኅዳር የተዋጠው ትል ሲጎለምስ፣ አንድ ጊዜ፤ ክረምት ሳይገባ ደግሞ እንቁላሉ ከዝናቡ ጋር ጨፌ እንዳይደርስ ሌላ ጊዜ። ደጋና ቆላ ወሩ ይለያያልና የአካባቢዎን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያማክሩ። መድኃኒት ባይገኝ እንኳ ገንዳ አለ፤ ከምንጩ በቱቦ ወደ ደረቅ መሬት የተወሰደ ገንዳ፣ ምንጩም በእሾህ የታጠረ። ኮቴ ካልረገጠው ቀንድ አውጣዋም ቤት ታጣለች።

ከብት ባይኖርዎትም ገጠር ያሉ ዘመዶች ይኖሩዎት ይሆናል። እንግዲያው ጥር ሲገባ ደውለው ይህን ይንገሩልኝ፦ መንጋጋዋ ሥር ያበጠች ወይም ያለ ምክንያት የከሳች ላም ካለች፣ አንድ እፍኝ ትኩስ እበት በንጹሕ ዕቃ ይዘው እንስሳት ክሊኒክ ይሂዱ። የጉበት ትል እንቁላል ከባድ ስለሆነ እንደ ሌሎቹ በጨው ውሃ አይንሳፈፍም፤ ይዘቅጣል። ስለዚህ ባለሙያውን «በማዝቀጥ ይመርመርልኝ» ይበሉት።